እትዬ አስካለ ለጠላታቸው ያዘዙት ማር

እትዬ አስካለ አረፉ ሲባል ቤቴ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ።

«ጋሽ ታፈረ ሰምቷል?»

ባለቤቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች አፈጠጠችብኝ። «ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ? ሴትዮዋ ገና ሳይገነዙ ስለ ታፈረ ትጠይቃለህ?»

ምን ላድርግ? እትዬ አስካለ ራሳቸው ተነስተው የገዛ መርዷቸውን ቢሰሙ ኖሮ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነበር። «ያ ሰው ሰማ? ሲሰማ ፊቱ ምን መሰለ?» ይሉ ነበር። ሲያኮርፉ ኖረው ታርቀው የሚሞቱ ሰዎች አሉ። እሳቸው እንደዚያ ዓይነት ሰው አልነበሩም። እኔም አይደለሁም፤ ስለዚህ ጋሽ ታፈረን ፊት ለፊት አንቱ የምለው ብሆንም እዚህ ወረቀት ላይ አንቱታ አያገኝም። ወረቀቱ የኔ ነው።

እትዬ አስካለ ቁስቋም ሠፈር፣ ከኔ ጎሚስታ ቤት ጀርባ ባለችው ዳገታማ ቅያስ ውስጥ አርባ ዓመት ኖሩ። ቁመታቸው ከክርኔ አያልፍም። ሲቆጡ ግን እንጦጦ ማርያም የሚያስቀድሰው ሰው ዞር ብሎ ያያል። ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው። ያላቸው ተክል ነው። ከኔ የወሰዷቸው አሮጌ ጎማዎች፣ አንገታቸው የተቆረጠ የውኃ ፕላስቲኮች፣ እጀታ ያጣ ድስት፣ አንድ የተሰነጠቀ የሕፃን ፖፖ፣ ሁሉም አፈር ተሞልቶ፣ ሁሉም ላይ አንድ አንድ እንጨት ተሰክቶ በግድግዳው ጥግ ተደርድሯል። ያየ ሰው ማገዶ የሚያስቀምጡ ይመስለዋል። ከወር በኋላ ሲያይ ማገዶው ቅጠል አውጥቷል።

የእትዬ አስካለ መሣሪያ የቀኝ አውራ ጣታቸው ጥፍር ነበር። ጥቁር፣ ወፍራም፣ እንደ ማረሻ። ማንኛውንም እንጨት በዚያ ጥፍር ፋቅ ያደርጉና ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ካዩ «አለ» ይላሉ፣ ካላዩ «ሄዷል»። ልማድ ሆኖባቸው ዕድር ስብሰባ ላይ ተቀምጠው የወንበሩን ክንድ ሲፍቁ አይቻለሁ። አንድ ክረምት ደጅ ያቆሙት የመጥረጊያ እንጨት ቅጠል አወጣ ብዬ ለሠፈሩ ሁሉ አውርቻለሁ፤ ያመነኝም ሰው ነበር። እሳቸው ሲሰሙ፣ «ይህ ቀጣፊ ከሚናገረው ግማሹን ጣሉ፣ የቀረውን እኔን ጠይቁኝ» አሉ። ቀጣፊ ማለት እኔ ነኝ። ስሜ ፍቃዱ ነው፤ በእሳቸው አፍ ግን በዚህ ስም የተጠራሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱንም ታምሜ ነበር።

አሁን ወደ ጽጌረዳዋ ልምጣ።

በእሳቸውና በጋሽ ታፈረ ግቢ መካከል በነበረችው የቆርቆሮ አጥር ሥር አንዲት አሮጌ ጽጌረዳ ነበረች። የእናታቸው ናት። ቀለሟ የሕፃን ጉንጭ ይመስላል። ሽታዋ ደግሞ፣ አላጋንንም፣ የጳውሎስ ታክሲ ውስጥ ተቀምጠህ አፍንጫህን ይዞ ያወርድሃል። ወርኃ ጽጌ ሲገባ ማበብ ትጀምርና ኅዳር ስድስት ቁስቋም ስትነግሥ እትዬ አስካለ ከላይዋ አንድ እቅፍ ቆርጠው፣ ነጭ ለብሰው፣ ለማርያም ያደርሳሉ። እናታቸው እንዲህ ያደርጉ ነበር። አንድም ዓመት ታጉሎ አያውቅም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እትዬ አስካለ ለዓይናቸው ቀዶ ሕክምና አምስት ቀን ሆስፒታል ተኙ። ጋሽ ታፈረ በዚያን ጊዜ ፎቅ እያስገነባ ነበር። የቆርቆሮውን አጥር ወደ ግንብ ሊቀይር ፈለገ፤ ግንቡ ቀጥ እንዲልለት ደግሞ ጽጌረዳዋ መንገድ ላይ ቆመች። ሴትዮዋ እስኪመለሱ መጠበቅ ይችል ነበር። አልጠበቀም። ከሥሯ አስቆረጣት፣ በላይዋም ኮንክሪት አስሞላ። እኔ ሱቄን ዘግቼ እየሮጥኩ ስደርስ ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነበር።

«ጋሼ፣ ምነው?» አልኩት።

«አንድ እሾህ ነው ያስቆረጥኩት» አለኝ። «ሰው ገደልኩ እንዴ?»

ይህን ቃል ለእትዬ አስካለ ያደረስኩላቸው እኔ ነኝ። በሕይወቴ ሳልጨምር ሳልቀንስ ያደረስኩት ወሬ ቢኖር እሱ ነው።

አንድ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ፣ በሌላው ግንቡን አዩት። ይጮኻሉ ብዬ ጆሮዬን አዘጋጅቼ ነበር። ድምፃቸውን እንኳን ከፍ አላደረጉም።

«ቅርንጫፎቹን የት ጣሏቸው?»

«ታች፣ ቆሻሻ መጣያው ጋ። ግን እትዬ፣ ሦስት ቀን ሆኗቸዋል፤ ፀሐይ…»

«ምራኝ።»

ያን ቀን የሠፈሩ ሰው ያየውን አይረሳም። አንድ ዓይና አሮጊት ቆሻሻ ክምር ላይ ተንበርክከው እያንዳንዷን እሾሃማ ዘንግ ያነሳሉ፣ በጥፍራቸው ይፍቃሉ፣ ይጥላሉ። «ሄዷል። ሄዷል። ሄዷል። ይኸም ሄዷል።» እጃቸው ደም በደም ሆነ። ለመጀመሪያ ጊዜ «አለች» ሲሉ እኔ እንደ ልጅ ዘለልኩ። ከዚያ ሁሉ ክምር አሥራ አንድ ዘንግ በሕይወት ተገኘ፤ እርሳስ የሚያክሉ አሥራ አንድ ቁራጮች። ጉያቸው ውስጥ አድርገው ዳገቱን ሲወጡ እንዲህ አሉኝ፦

«ስማኝ ቀጣፊ። ይህ አበባ በአዲስ አበባ ሁሉ ይብቀል፣ በዚያ ሰውዬ ግቢ ግን አይብቀል። ይህን ሳላይ አልሞትም።»

ሳይታጠቡ፣ ሳይቀመጡ ሥራ ጀመሩ። እያንዳንዱን ቁራጭ ቅጠል ከሚወጣበት ከታችኛው ዓይኑ ሥር ሰያፍ አድርገው እንደገና ቆረጡት፤ ሥር የሚያወጣው ዓይኑ ነው ይላሉ። የታችኛውን ቅጠል አራገፉ። መድኃኒት ከሱቅ አይገዙም። አንድ የሻይ ማንኪያ ማር በአንድ ኩባያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይበጠብጣሉ። «አንድ ማንኪያ! ሁለት ካደረግህ ይበሰብሳል፣ ተባይም ትጠራለህ» ይላሉ። ማሩን አንዱ ይጠጣል፤ ሌላው በእሬት ዝልግልግ ይቀባል፤ ሻጋታ እንዳይዘው ደግሞ ጫፉን ቀረፋ ዱቄት ያስነኩታል። ከሁሉ በላይ የሚያምኑት ግን የአኻያ ውኃ ነው። ወንዝ ዳር የሚበቅለውን የአኻያ ለጋ ቅርንጫፍ ከትክተው በውኃ ይዘፈዝፉታል፤ በዚያ ውኃ ያጠጡት ቁራጭ ሥር ለማውጣት ይቸኩላል።

አኻያ እንዳመጣ እኔን ላኩኝ። ወንዙ ሩቅ ነው፣ እኔም ሰነፍ ነኝ። ቅጠሉ ቀጭንና ረዥም ነው ብለውኛል፤ ከእንጦጦ በታች ባለው ዳገት ላይ ደግሞ ቅጠሉ ቀጭንና ረዥም የሆነ ዛፍ ሞልቷል። ሸክፌ አመጣሁ። ገና በር ላይ ሳለሁ አፍንጫቸው ተነፋ።

«ይኼ ምንድነው?»

«አኻያ ነዋ እትዬ።»

«ባሕር ዛፍ ነው አንተ ጉድ! እኔ ጉንፋን ያዘኝ አልኩህ? እንኳን ቁራጭ ሊያጸድቅ ይኼ አጠገቡ የቆመውን የሚገድል ነው! ወይስ ታፈረ ነው የላከህ?»

በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ታፈረ ላከህ የሚለው ቃል ወንዙ ድረስ አስሮጠኝ።

ሁለተኛውን ጥፋት ደግሞ አልደብቅም። ቁራጮቹ አፈርና አሸዋ ውስጥ ተተክለው፣ የተቆረጠ ፕላስቲክ ተደፍቶባቸው፣ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ሳምንት ሞላ፣ ሁለት ሳምንት ሞላ፤ ዝም። እኔ ደግሞ መጠበቅ አልችልም። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት አንዷን መዘዝ አድርጌ ሥሯን አየሁ። ጢም የመሰለ ነጭ ነገር አቆጥቁጣለች! ደስ ብሎኝ መልሼ ሰካኋት። በነጋታው ጠወለገች።

እትዬ አስካለ ሲያዩዋት ወዲያው ገባቸው። ይሳደባሉ ብዬ ስጠብቅ ጎማው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«ቁራጭ እንደ ቂም ነው ልጄ» አሉኝ። «ዕለት ዕለት እየመዘዝክ ካየኸው ይደርቃል። ውኃውን ሰጥተህ፣ ከድነህ፣ ዝም ካልከው ነው ሥር የሚሰድ።»

ይህን ብለው የውኃ ማጠጫውን በራሴ ላይ ደፉት።

ከአሥራ አንዱ አንዷን እኔ ገደልኩ፣ ሁለቱ በሰበሱ፣ ስምንቱ ያዙ። ስምንቱ ሲያድጉ ከእነሱ ደግሞ ቆረጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ በቅያሳችን ያለው በር ሁሉ ያቺ ጽጌረዳ አለው። እየዞሩ ያደሉት ራሳቸው ናቸው። ጎረቤታችን እህት ሣራ የጴንጤ ቤተሰብ ናት፤ እሷን እንኳን አልዘለሏትም። «ለማኅሌት ባይሆንሽ ለበርሽ ይሆንሻል» ብለው ተከሉላት። እህት ሣራም «ጌታ ይባርክዎት እትዬ» ብላ ከሁሉ በፊት ያበበላት እሷ ሆነች።

ለአንድ በር ብቻ አልተሰጠም።

ወርኃ ጽጌ ሲመጣ ቅያሱ ላይ እስከ ታች ድረስ ሮዝ መጋረጃ የተዘረጋ ይመስላል፤ መሀል ላይ የጋሽ ታፈረ ፎቅ እንደ ወለቀ የፊት ጥርስ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እናንተስ ለምን አልተከላችሁም?» እያለ ይጠይቀዋል። ጋሽ ታፈረ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ የፕላስቲክ አበባ ገዝቶ በረንዳው ላይ ሰቀለ። እትዬ አስካለ በበሩ ሲያልፉ ያችን የፕላስቲክ አበባ በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉና ሠፈሩ እየሰማ «ሄዷል» አሉ።

ሽማግሌ ተላከ። «ይቅር በይው አስካለ፤ ዕድሜሽ ገፍቷል።»

«ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ቂሜ ግን ገና ወጣት ነው» አሉ።

ሽማግሌዎች ያልቻሉትን የቻሉት የንስሐ አባታቸው ናቸው። አባ ለፍልሰታ ሊያቆርቧቸው ሲሰናዱ ከጎረቤታቸው ሳይታረቁ እንደማያቆርቧቸው ነገሯቸው። ቀኖናም ሰጧቸው፤ ከዚያችው ጽጌረዳ ቆርጠው በገዛ እጃቸው ለሰውዬው እንዲሰጡ። እትዬ አስካለ ያን ሰሞን ምግብ አልወረደላቸውም። መጨረሻ ላይ እኔን ላኩኝ፤ «ጥራው።»

ጋሽ ታፈረ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ገባ። ቁና ቁና ይተነፍሳል። በዚያ ግቢ ከገባ ዓመታት ሆኖታል።

«እትዬ አስካለ… በደልኩዎት። ያን ጊዜ ቸኩዬ ነው።»

«እሺ» አሉ እትዬ። ሦስት ቁራጭ ሰጡት። ያማሩ፣ ዓይናቸው ያበጠ፣ ለንጉሥ የሚሰጡ ቁራጮች። እኔ ጥግ ቆሜ ደነገጥኩ፤ ሸክላ ሲሰበር ያየሁ ያህል አዘንኩ። ከዚያ ትምህርቱ መጣ።

«እንዴት ነው የሚተከሉት?» አለ ትሕትናው የገደለው ሰውዬ።

«በማር ነው።»

«ስንት?»

«ሳትሰስት! ጉድጓዱን ሙላው። ንጹሕ ማር ይሁን፣ ውኃ ጠብ እንዳትልበት። ከላይም አፍስስበት። ጽጌረዳ ማር ሲጠግብ ነው የሚይዘው። በየሦስት ቀኑ ጨምርለት።»

ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ወጣሁ። ጋሽ ታፈረ እጃቸውን ስሞ ሄደ። በሩ ሲዘጋ ተመልሼ፣ «እትዬ! አባ እኮ…» አልኩ።

«አባ ስጪ አሉኝ፣ ሰጠሁ። አብቅይለት አላሉኝም።»

ከዚያ የሆነውን ስናገር አልጨምርም፤ መጨመር አያስፈልገውም። ጋሽ ታፈረ አንድ ገንቦ ማር ቀበረ። በሦስተኛው ቀን ከእንጦጦ ጫካ እስከ ጉለሌ ወንዝ ድረስ ያለ ጉንዳን ሁሉ መጥሪያ ደረሰው። በግንቡ ወጣ፣ በበረንዳው ዞረ፣ ፎቁን በደረጃ ወጣ፤ አንዳንዱ ጉንዳን ደረጃው መሀል ቆሞ ሲያርፍ አይቻለሁ። ቤተሰቡ አልጋውን አራት የውኃ ቆርቆሮ ላይ አስቀምጦ ተኛ። ነጭ ጋዝ፣ አመድ፣ በርበሬ፣ ሁሉም ተሞከረ። እትዬ አስካለ ሳምንቱን ሙሉ ወንበራቸውን ግንቡ ሥር አስጠግተው፣ ከማዶ «ኧረ እግሬን! ኧረ አንገቴን!» ሲባል እየሰሙ ቀንጠብ ቀንጠብ እያደረጉ ቆሎ በሉ። እንደዚያን ሳምንት ወዛቸው ሲመለስ አይቼ አላውቅም። ቆረቡም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጠየቁኝ። «ቁራጮቹስ?»

ግንቡ ረዥም ነው፤ እሳቸውም ያንን ደጃፍ አይረግጡም። በኔ መሰላል ወጥቼ አየሁ። ሁለቱ ጥቁር ብለው በስብሰዋል። ሦስተኛዋ ግን ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ነበረች። ያን ሰሞን የጣለው ኃይለኛ ዝናብ ማሩን አጥቦላት፣ የታንከሩም ጥላ ደግፏት፣ ሦስት አዲስ ቅጠል አውጥታለች። አረንጓዴ። ጤነኛ። ጥፍር አያስፈልጋትም።

ወረድኩ።

«ሄደዋል እትዬ።»

«ሦስቱም?»

«ሦስቱም። እንደ ክብሪት እንጨት።»

ዓይኔን ትክ ብለው አዩኝ። ቀጣፊ ያሉኝ ሴት፣ ከምናገረው ግማሹን ጣሉ ያሉት ሴት፣ ያንን ግን አልጣሉትም። «ተመስገን» አሉና አማተቡ። ከዚያ በኋላ በየጊዜው ይጠይቁኛል፤ እኔም በየጊዜው እገድላታለሁ። ጋሽ ታፈረ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ይሰጣል። እሳቸው ደግሞ የተሸናፊ ሰው ጎንበስ ይመስላቸውና በኩራት ያልፋሉ። ያንን እያዩ፣ ያንን እያመኑ፣ ቁስቋም ልትነግሥ ሳምንት ሲቀር አረፉ።

በቀብሩ ቀን ድንኳኑ ሞልቶ መንገድ ላይ ፈስሷል። ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው ሬሳው ሊወጣ ሲል ጋሽ ታፈረ በሰው መሀል እየተጋፋ መጣ። ጥቁር ሱፍ ለብሷል። በእጁ፣ በነጭ ወረቀት የተጠቀለሉ ሦስት ጽጌረዳዎች ይዟል። ሽታቸው ቀድሞኝ ደረሰ።

መንገዱን ዘጋሁበት። «ጋሼ፣ ይኼ ከየት ነው?»

«ከግቢዬ ነዋ ፍቃዱ!» አለኝ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ። «እሳቸው የሰጡኝ ነች። አንዷ ያዘችልኝ። ስታብብ የመጀመሪያዋን ቆርጬ ራሴ ልወስድላቸው፣ ድንገት ላስደስታቸው ብዬ ለማንም ሳልናገር… ዘንድሮ አበበች። ሰዓቱ አመለጠኝ። ሬሳቸው ላይ ላኑርላቸው። ያን ሁሉ ካደረግኩባቸው በኋላ የእጃቸውን ሙያ ሳይደብቁ አስተማሩኝ። ማሩን እኮ አልሰሰትኩም፤ እንዳሉኝ ነው ያደረግኩት። እንዲህ ያለ ደግ ሰው የት ይገኛል?»

ደግ! እትዬ አስካለን! ቆሻሻ ላይ ተንበርክከው የደሙትን ሴት፣ ዓመታት ሙሉ በልባቸው ውኃ ያጠጡትን ቂም፣ ይኼ ሰው በሦስት አበባ ደግነት ሊያደርገው ነው። ሬሳቸው ላይ ቆሞ ሊያሸንፋቸው ነው።

ወደ ጆሮው ጠጋ አልኩ። ነገርኩት። አንድ ማንኪያ በአንድ ኩባያ ውኃ እንደሆነ ነገርኩት። ማሩ እንዲያበሰብሳቸው መታዘዙን፣ ጉንዳኑ የሳቸው መሆኑን፣ ግንቡ ሥር ቆሎ እየበሉ መስማታቸውን፣ ሦስቱም ደርቀዋል ብዬ ስላቸው ተመስገን ማለታቸውን፤ አንድም ሳላስቀር።

ከዚያ ትንሽ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ይኼ… ይኼ ከቀልዶችህ አንዱ ነው፣ አይደል ፍቃዱ?»

ሠፈሩ ሁሉ ያውቀኛል። «አዎ» ብል ይበቃ ነበር። ትከሻውን መታ አድርጌ «ሲያዝን ሰው ማየት አልወድም ጋሼ» ብል፣ ሁለታችንም ነገሩን እንረሳው፣ እሱም አበባውን ያኖር ነበር። ዓይኑም አዎ በለኝ ነበር የሚለው።

«አይደለም» አልኩት።

አበባውን አልወረወረም። ወረቀቱን በጥንቃቄ መልሶ ሸፈነው፣ ዞረ፣ ሰው ሁሉ ወደ ላይ በሚጎርፍበት መንገድ እሱ ብቻ ወደ ታች ወረደ። በግራም በቀኝም እትዬ አስካለ ያደሏቸው በሮች በሙሉ አብበው ቆመዋል፤ እየቆጠራቸው ይመስል በእያንዳንዱ ፊት ቀና እያለ አለፈ። የብረት በሩ ሲዘጋ ሰማሁት።

ሬሳው ወጣ። ትከሻዬን ሰጠሁ። ቁስቋም እስክንደርስ ዳገት ነው፤ ሰው እየመጣ «ልቀይርህ» ይለኛል፤ ለማንም አልለቀቅኩም።